ደብረ ብርሃን ሆነን የሊኑክስ ዋይፋይ ድራይቨር ስንፈትሽ

ደብረ ብርሃን ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ሊኑክስ የጫንኩላቸው ሰዎች ይዘውልኝ የሚመጡት ጣጣ ሁሌ ያቺ ትንሿ ዩኤስቢ ዋይፋይ ናት። ድራይቨሯን (ኮምፒውተሩ እንዲያውቃት የሚያደርገውን ፕሮግራም) አውርጄ ኮምፓይል አድርጌ፣ ማለት ከኮዱ ፕሮግራሙን ሰርቼ እሰጣለሁ፣ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) አፕዴት ሲሆን ይበላሻል፣ አንድ መምህር እኮ በዚህ ምክንያት ብቻ ከደብረ ሲና ስንቴ ተመላለሰ።

2023 ላይ ከርነል 6.2 ሲወጣ አርቲደብሊው88 የሚባለው የሪልቴክ ድራይቨር ዩኤስቢ መደገፍ ጀመረ፣ በቃ ከከርነሉ ጋር አብሮ ይመጣል ማለት ነው። ግን ድራይቨሩን የሚጽፉት ሰዎች ገበያ ላይ ያለውን የዋይፋይ አዳፕተር ሁሉ ገዝተው ሊሞክሩ አይችሉም፣ እኛ እጅ ላይ ደግሞ አለ። አምስት ልጆች ሆነን አዲስ ከርነል ሊወጣ ሲል (በየ9 ወይ 10 ሳምንቱ ነው የሚወጣው) ቀድመን መሞከር ጀመርን።

ሳጥኑ ላይ ያለውን ስም አትመኑ። ስሙ ያው ሆኖ ቨርዥን 1 እና ቨርዥን 2 ውስጣቸው ሌላ ሌላ ቺፕ ነው፣ ስለዚህ ኤልኤስዩኤስቢ የሚለውን ትእዛዝ ሰጥተን የሚወጣውን የመለያ ቁጥር ነው የምንመዘግበው። አንዷማ ስትሰካ ሲዲ ነኝ ብላ ነው የምትመጣው፣ የዊንዶውስ ድራይቨር ይዛ፣ ዩኤስቢ ሞድስዊች የሚባለው ፕሮግራም ካልቀየራት ዋይፋይ አትሆንም፣ ሞታለች ብለን ልንጥላት ነበር።

የከፋው ግን ባይሴክቱ (ችግሩን ያመጣውን የኮድ ለውጥ ፍለጋ) ነው። አዲሱ ከርነል ላይ የ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ እየተቆረጠ አስቸገረን፣ ጊት ባይሴክት ጀመርን፣ 1000 ለውጥ ካለ በግማሽ በግማሽ እየከፈሉ፣ ጥሩ ወይ መጥፎ እያሉ 10 ጊዜ ያህል መሞከር ነው፣ በኛ አሮጌ ላፕቶፕ ደግሞ አንዱ ኮምፓይል ሌሊቱን ይፈጃል። በመጨረሻ ጥፋተኛ ብሎ ያወጣልን የድምፅ ካርድ ለውጥ ሆነ! ግራ ገብቶን ቁጭ ብለን ትንሹ ልጅ "ጋሼ፣ ሃርድዲስኩን ብንነቅለውስ?" አለኝ። አዳፕተሯ ሰማያዊው ዩኤስቢ 3 ላይ ናት፣ ጎኗ ሃርድዲስክ አንዳንድ ቀን ይሰካል አንዳንድ ቀን አይሰካም፣ ዩኤስቢ 3 ደግሞ 2.4 ጊጋን ይረብሻል። ነቅለን ጥቁሩ ፖርት ላይ ስናደርጋት ፒንጉ (ግንኙነቱን የምንፈትሽበት) እስኪነጋ አልተቆረጠም። ለካ ጥሩ መጥፎ እያልን የመለስነው ሁሉ የሃርድዲስኩ ነው። ያንን ውጤት ለከርነሉ ሰዎች ልከነው ቢሆን የስንት ሰው ጊዜ በከንቱ ይቃጠል ነበር።

አሁን ችግሩን በፈለግንበት ሰዓት፣ በዛው ፖርት፣ ሦስቴ ካላመጣነው ባይሴክት አንነካም። ላፕቶፑ ተኝቶ ሲነሳ የምትጠፋዋን አዳፕተር እንደዚህ ነው የያዝናት፣ ዲሜሴጁን (ከርነሉ የሚጽፈውን መዝገብ) ሳንቆርጥ ሙሉውን ለድራይቨሩ ጸሐፊዎች ላክን፣ ማስተካከያው መጣልን፣ ሞክረን ሰራ አልናቸው።

መምህሩ ባለፈው መጥቶ ነበር፣ ቻርጀር ሊገዛ።