ኮልድ ኦፍ እና ሁለቱ በጎች

እኔ እንግሊዝኛ እችላለሁ ብዬ አላውቅም። ያለው አጎቴ ነው። ደሴ ከፒያሳ ወረድ ብሎ ትንሽ ፔንሲዮን አለችው፤ እንግዳ መቀበያው ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። የፈረንጅ አፍ የተጻፈበት ወረቀት ሲመጣ «ለሱ ስጡት፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል» ይላል። የተማርኩት ስለ ዕፅዋት ነው። ይሄን ለማንም አይናገርም።

አንድ መሥሪያ ቤት በእኛ አዳራሽ የሦስት ቀን ሥልጠና ሊሰጥ ተነጋገርን። 30 ሰው፣ ምሳ ጭምር። እሁድ ማታ መልእክት ገባ። «ዘ ትሬኒንግ ሃዝ ቢን ኮልድ ኦፍ። ሶሪ ፎር ዘ ኢንኮንቪኒየንስ።»

አጎቴ፣ ወጥ ሠሪዋ እትዬ እና ዘበኛችን ከበቡኝ። መጀመሪያ የተረጎመው ዘበኛው ነው።

«ኮልድ ብርድ አይደል? ብርዱ ጠፋ ወይ እያሉ ነው።»

አትፍረዱበት። ደሴ ማለት ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ጦሳን ተደግፋ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ሰዎቹም በስልክ ሲያናግሩን «ይበርዳል አሉ?» ብለው ነበር። እኔ ግን የተማርኩ ነኝ።

«አይ ጋሼ፣ ይሄኛው ኮልድ ሌላ ነው። ኮል መጥራት ነው። ኮልድ ሲሆን ተጠራ። ሥልጠናው ተጠርቷል።»

«ኦፉስ?» አለ አጎቴ።

ላብ አሰመጠኝ። ኦፍን የማውቀው ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ነው። «ኦፍ ያው... ከአዲስ አበባ ጠፉ፣ ወጡ ማለት ነው» አልኩ።

«ሶሪስ?»

«ዘግይተው ስላሳወቁን ነዋ!»

ስተረጉም ቀዳዳ አልተውም።

በማግስቱ ሰኞ ገበያ ወርደን ሁለት በግ ገዛን። እትዬ ሌሊቱን ሙሉ ሽንኩርት ሲያቁላሉ አደሩ፤ ዘበኛው እንኳን ሸሚዙን ተኩሶ በር ላይ ቆመ። ስድስት ሰዓት ሆነ። ሰባት ሆነ። ስደውል አንዲት ትሁት ልጅ አነሳች። «ሥልጠናው'ኮ ተሰርዟል፤ መልእክት ልከንላችሁ ነበር!»

አጎቴ አልተቆጣም። የሚያስፈራው ይሄ ነው። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ድስቶቹን ዝም ብሎ አያቸው። እትዬ «አብሽር ልጄ፣ ሲሳይ ነው» እያሉ ለጎረቤት ይጨልፉ ጀመር። ግማሽ ሰፈር በላ።

ከበሉት አንዱ የእንግሊዝኛ መምህር ነው። ጎድን እየጋጠ አስረዳኝ። ኮል ኦፍ ማለት የታቀደን ነገር መሰረዝ ነው። የጀመሩትንም ማቆም ይሆናል፤ የጠፋ ሰው ፍለጋ ሲቋረጥ ኮልድ ኦፍ ይሉታል። ተናካሽ ውሻ ለቆ የነበረ ባለቤት ጠርቶ ሲመልሰውም ያው ቃል ነው። ፑት ኦፍ ደግሞ ማራዘም ነው፣ ፕሮግራሙ ሌላ ቀን አለ። ኮል ኦፍ ካሉህ ግን የለም። ሮኬት ሊተኮስ ሲል ከተሰረዘ ስክራብ ይባላል፣ ማለትም ፈተጉት። ዕቅድ ሲያቆዩ ሼልቭ ነው፣ መደርደሪያ ላይ ሰቀሉት እንደማለት። ካንስል ራሱ ከላቲን የመጣ ሲሆን ነገሩ ከፍርግርግ ጋር ይያያዛል፤ ጽሑፉ ላይ መስመር አጋድመው እንደ ፍርግርግ ስለሚሰርዙት ነው አለኝ።

«ምናለ አንድ ቃል ቢበቃቸው» አልኩ።

«እኛስ?» አለ አጥንቱን አስቀምጦ። «ስብሰባ ይሰረዛል፣ ሰርግ ይፈርሳል፣ ጉዞ ይቀራል። አንድ በግ ቀረ ስትል ደግሞ በጉ አለ ማለት ነው።»

በጉ የለም። ሁለቱም አልቀዋል። ለማንኛውም እኔ ከዚህ ሁሉ ትምህርት አንዲት ነገር ይዤ ተኛሁ፦ ኦፍ ካለበት የለም።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሌላ ቡድን መጣ፣ 12 ሰው፣ አዳር። በቀኑ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። «ዊ ሴት ኦፍ አት ሲክስ ዚስ ሞርኒንግ።»

ኦፍ! ዘልዬ ተነሳሁ። ለአጎቴ በኩራት «ቀርተዋል፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው የሰረዙት» አልኩት። አጎቴ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። እትዬን ወደ ቤታቸው ሸኘን። የውሃ ማሞቂያውን አጠፋን። ክፍሎቹን ከኮምቦልቻ ለመጡ ሰርገኞች ሰጠን፣ ያውም ዋጋ ጨምረን፤ እንደዚያ ቀን ጎበዝ ሆኜ አላውቅም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተደወለ። «ኮምቦልቻን አለፍን፣ ሐረጎን እየወጣን ነው። ምግብ ደርሷል አይደል?»

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያ ዳገት የዚያን ቀን ምነው በረዘመ! መምህሩ ቤት በሩጫ ሄጄ ስልኩን አሳየሁት። ሴት ኦፍ ማለት ለጉዞ ተነሳን ማለት ነው አለኝና ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ፣ ሳቀ፣ አላበቃም።

እንግዶቹን አጎቴ ቤት ሳሎን ውስጥ ፍራሽ አንጥፈን አስተኛናቸው። እራት ሽሮ ነበር። ሁሉም ሐበሻ ናቸው። መልእክቱን የጻፈው ልጅ ጭራሽ የሐይቅ ልጅ ነው፣ እዚሁ 30 ኪሎ ሜትር የማይሞላ ቦታ የተወለደ።

«ወንድሜ፣ ምናለ በአማርኛ ብትጽፍ?» አልኩት።

«ትልቅ ሆቴል መስሎኝ ነው» አለኝ፤ ሳሎኑን ዞር ብሎ እያየ።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አንዱ እየተንቀጠቀጠ ብርድ ልብስ ጠየቀ። ዘበኛው የራሱን ጋቢ ገፎ ሰጠውና ወደኔ ዞረ።

«እኔ ያኔውኑ ብርድ ነው ብዬ ነበር።»