ደሴ፣ «ለጊዜው» ክፍል

ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ ድረስ ያለውን መንገድ አብዛኛውን ተኝቼ አለፍኩት። ጣርማበር ላይ ብርዱ፣ ሸዋሮቢት ላይ ሙቀቱ ቀሰቀሰኝ። ሐረጎ ዳገት ላይ ግን ማን ይተኛል! ጠመዝማዛውን ስንጨርስ ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ተዘርግታ ጠበቀችን።

አዳሬ አላማረም። በስልክ 800 ብር ያሉኝ አልጋ ስደርስ 1200 ሆነ። ሙቅ ውኃ የለም። እኔ የአዳማ ልጅ ነኝ፣ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤም ስንቀጠቀጥ ነጋ። ብርዱስ ይሁን። ቃል ማጠፉ ነው ያናደደኝ።

ጠዋት አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ መጣ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ዩኒቨርሲቲው በአንድ ሰሞን ከተከፈቱት 13ቱ አንዱ ነው፤ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ግቢ አለው። በጥቅምት 2014 መጨረሻ ደሴ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች። ኅዳር መጨረሻ ላይ ስትለቀቅ ዩኒቨርሲቲው ተዘርፎ ነበር። ሆስፒታሉም፣ ሙዚየሙም አልተረፉም።

ጓደኛዬ አንድ ጠረጴዛ አሳየኝ። ላዩ ላይ አራት የብሎን ቀዳዳ አለ። ማሽኑ የለም። ቀጥሎ ከሕንፃዎቹ ጀርባ ወሰደኝ። የቆርቆሮ ቤት ናት፣ ድሮ የግንባታ ዕቃ ማስቀመጫ። ተማሪዎች ሲመለሱ ከስብርባሪው የተረፈውን ወንበር ሰብስቦ እዚያ ማስተማር ጀመረ። ዝናብ ሲጥል ድምፁ አይሰማም፤ ያን ጊዜ ዝም ብሎ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል። ተማሪዎቹ ስም አወጡላት። «ክላስ የት ነው?» ሲባል መልሱ «ለጊዜው» ነው።

እኛ አዳማ ስንማር ፕሮጀክተር ከተበላሸ ክላስ ቀረ ብለን ሻይ ቤት እንሮጥ ነበር። ትዝ ሲለኝ አፈርኩ።

አሁን ትላልቆቹ ሕንፃዎች ተጠግነው ቀለም ተቀብተዋል። «ለጊዜው»ን ግን ባያፈርሷት ደስ ይለኛል። ቀለም ያልነካት እሷ ብቻ ናት። የዚያን ዓመት ልጆች የት እንደተማሩ ለሚጠይቅ ሰው ምን ሊያሳዩት ነው?

ስንወጣ በር ላይ ያሉት ሽማግሌ ጥበቃ «ልጄ፣ ቡና ሳትጠጣማ አትሄድም» አሉኝ። መኪና እንዳያመልጠኝ ነው ብላቸው «አብሽር!» ብለው ወንበር ሳቡልኝ። አቦሉ፣ ቶናው፣ ዱዓው፣ በረካው... ሂሳብ ልክፈል ብል ተቆጡኝ።

የ7 ሰዓቱ ሚኒባስ አመለጠኝ። ሁለተኛውን ሌሊት ጓደኛዬ ቤት፣ የእናቱን ጋቢ ለብሼ አደርኩ።