ገና ሳልጸልይ የተላከ ውሃ

ጌታ ይባረክ! ይህን ምስክርነት እዚህ ጅማ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ቆሜ ተናግሬዋለሁ። ግን ሰዓት አልቆ ስለነበር "በረሃ ላይ ተጠምተን ጌታ ውሃ ላከልን" ብዬ ማይኩን መለስኩ። ሰው እልል አለ። ዋናው ነገር ግን ሳይነገር ቀረ። እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝ ውሃው መምጣቱ ብቻ አይደለም፤ መቼ እንደተነሳ ነው። ስለዚህ ተረጋግቼ ልጻፈው።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም አፍዴራ ጨው ላይ ነው የሚሠራው። አፍዴራ አፋር ውስጥ ያለ የጨው ሐይቅ ነው፤ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ነው የሚገኘው። ውሃውን ወደ ገንዳ ስበው በፀሐይ ያደርቁታል። ወጣችን ውስጥ የምንጨምረው ጨው አብዛኛው ከዚያ ነው የሚመጣው፤ ሰው ግን በምን ዓይነት ሙቀት ውስጥ እንደሚመረት አያውቅም። ወንድምየው ለፋሲካ ጅማ መምጣት እንደማይችል ሲደውል አማቴ ስልኩን ይዘው አለቀሱ። ባለቤቴም "እሱ ካልመጣ በዓሉን እኛ እንወስድለታለን" አለ። ድፎ ዳቦ ጋገርኩ። ቡና ቆላሁ። እማማም ከጓዳ ማር አወጡ።

ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ በአዋሽ፣ በገዋኔና በሚሌ አድርገን በመኪና ሎጊያ ገባን። ሎጊያ ያለ የባለቤቴ ጓደኛ ሞተሩን አዋሰን። ባለቤቴ እዚህ ጅማ ዙሪያም ሰቃና ማና የሚመላለሰው በሞተር ስለሆነ እጁ ነው። የቀረን መንገድ ጠዋት ወጥተው ከሰዓት የሚደርሱበት ነው። ጓደኛው ሲሸኘን አንድ ነገር ደጋግሞ አለን፦ "መንገድ ላይ አፋር ሰው ካገኛችሁ ዝም ብላችሁ እንዳታልፉ። ሞተሩን አጥፉ፣ ሰላም በሉ፣ ከየት እንደመጣችሁና ወዴት እንደምትሄዱ ንገሩ።"

ሰርዶ ላይ ወደ አፍዴራ ከተገነጠልን በኋላ አንድ ሽማግሌ ፍየል ሲነዱ አገኘን። ባለቤቴ ሞተሩን አጠፋ። አባት አማርኛ ትንሽ ትንሽ ይሰማሉ። ከጅማ መምጣታችንን፣ ወንድማችን ጋ አፍዴራ እንደምንሄድ፣ ሁለት ብቻ መሆናችንን ነገርናቸው። አተኩረው ሰሙን፣ ስለ መንገዱም ጠየቁን። ከዚያ መርቀው ሸኙን። ጊዜው ጠዋት አንድ ሰዓት አካባቢ ነበር። ይህን ሰዓት ያዙልኝ።

ከዚያ በኋላ ምድሩ ተለወጠ። ዛፍ የለም፣ ሣር የለም፤ እስከ ዓይን ድረስ ከእሳተ ገሞራ የቀረ ጥቁር ድንጋይ ነው። ነፋሱ ፊት ላይ ሲመታ ከዳቦ መጋገሪያ አፍ የሚወጣ ትኩሳት ይመስላል። ጅማ ያደገ ሰው እዚያ ሲቆም ዝናብ ምን ያህል ስጦታ እንደሆነ ይገባዋል። እኛ እዚህ "ጌታ ሆይ፣ ለዛሬ እንኳን አቁምልን፤ ልብስ አጥቤ አስጥቻለሁ" እያልን የኖርን ሰዎች ነን።

ረፋዱ ላይ የኋላው ጎማ ተነፈሰ። ባለቤቴ መለጠፊያ፣ ማስቲሽና የእጅ ፓምፕ ይዟል። ጎማውን ፈትቶ የውስጡን ሲያወጣ ግን የተበሳ ነገር የለም። አየር የሚሞላበት አፍ ነው ከሥሩ የተቀደደው። ይህን ከዚህ በፊት አላውቅም ነበር፤ ገላው ላይ የተበሳ ይለጠፋል፣ ከአፉ ሥር የተቀደደ ግን መለጠፊያ አይዝለትም። ሞከረ፣ ደግሞ ሞከረ። ፓምፑን ሲመታ አየሩ ፉጭ ብሎ በዚያው ይወጣል። ስልካችን ኔትወርክ የለውም። የበዓል ሰሞን ስለሆነ መንገዱም ጭር ብሏል፤ የጨው መኪና እንኳን ድምፁ የለም።

"ውሃ እንጠጣና እናስብ" አልኩት። ጀሪካኑን ስፈታ ቀለለኝ። ከኋላ ታስሮ ሲንገጫገጭ የብረት ማሰሪያው ቡሎን ግድግዳውን ፍቆ ፍቆ በስቶታል። የሚያህለው የምስር ፍሬ ቢሆን ነው። ውሃው ጠብ ጠብ ሲል እንኳን አላየንም፤ ትኩሱ መሬት ወዲያው ይጠጣዋል። ከሥር የቀረችው ሁለት ብርጭቆ ብትሆን ነው። እሷን ተካፈልን።

ጋቢውን ሞተሩ ላይ ዘርግተን ከሥሩ ተኮራመትን። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ባለቤቴ ላብ ማላቡን ተወ። ቆዳው ደረቅና የሚያቃጥል ሆነ። ከዚያ ንግግሩ ተያያዘ። "እማማ በሩን ዝጊው፣ ዝናቡ እየገባ ነው" አለኝ። ልቤ ቀጥ አለ። ጅማ ያለ መስሎታል። እጁን ስይዘው የማን እጅ እንደያዘው አያውቅም።

ወገኖቼ፣ ከዚያ በፊት የጸለይኩት ሁሉ ጸሎት አይመስለኝም። ሰባት ሰዓት ሳይሆን አይቀርም። ተንበርክኬ ጮኽኩ። ምላሴ ደርቆ ቃሉ በትክክል አይወጣም። የአጋር ታሪክ ነው የመጣልኝ፤ የአቁማዳው ውሃ አልቆ ልጇን ከቁጥቋጦ ሥር የጣለችው፣ እግዚአብሔር ዓይኗን ከፍቶ የውሃ ጉድጓድ ያሳያት። "ለእሷ እንዳየህላት ለእኔም እይልኝ። ጉድጓድ ባይኖር መኪና ላክ። መኪና ባይኖር ደመና ላክ። ይህን ሰው ግን እዚህ አልተወውም" አልኩ። እሱን አቅፌ ይህንኑ እየደጋገምኩ ቆየሁ። ዓይኔ አስፋልቱ ላይ ነው። መዳኔ በአስፋልቱ ይመጣል ብዬ ነዋ!

በአስፋልቱ አልመጣም። በጀርባዬ በኩል ድንጋይ ሲንኳኳ ሰማሁ። ዞር ስል አንድ ጎልማሳ አፋር ግመል እየሳበ፣ አንድ ወጣት ደግሞ ከኋላው እየተከተለ በዚያ ጥቁር ድንጋይ መሃል ይመጣሉ። ግመሉ ላይ የፍየል ቆዳ ስልቻ ተንጠልጥሏል። ሰውየው ሰላምታም ሳያስቀድም ከባለቤቴ አጠገብ ተንበረከከ። ከትከሻው ጨርቁን አውርዶ በውሃ ነከረና አንገቱ ሥርና ብብቱ ሥር አደረገለት። እኔ ስልቻውን ተቀብዬ አፉ ውስጥ ላፈስ ስል እጄን ያዘ። በመዳፉ ትንሽ ከንፈሩን አረጠበለት፣ ጠበቀ፣ እንደገና ትንሽ ጨመረለት። እንዲህ እያለ ብዙ ቆየ። ባለቤቴ ዓይኑን ገልጦ ስሜን ሲጠራ እንባዬን መቆጣጠር አልቻልኩም።

ወጣቱ አማርኛ ይችላል። "እንዴት አገኛችሁን?" አልኩት። "እናንተ የጅማዎቹ አይደላችሁም እንዴ?" አለኝ። ደነገጥኩ። ማንም አልነገረውም እኮ!

ነግረውታል። ጠዋት ያገኘናቸው ሽማግሌ ናቸው ያስነገሩት። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ነገር አላቸው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው ወሬ ይለዋወጣሉ፦ ከየት መጣህ፣ ማንን አየህ፣ ዝናብ የት ጣለ፣ ማን ታመመ። የሰሙትን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ለሚቀጥለው ሰው ያደርሳሉ። ነውሩ መዋሸቱ ነው። ሽማግሌው ስለ እኛ ለአንድ እረኛ ነገሩ። እረኛው ለሌላው ነገረ። ወሬው እየዞረ እነዚህ ሁለቱ ግመል ወደሚያጠጡበት ደረሰ፦ "ባልና ሚስት በሞተር እየመጡ ነው፤ አገሩን አያውቁትም።" እነሱም የሞተሩን ድምፅ ከሩቅ ሰምተውታል። ከዚያ ድምፁ ተቋረጠ። ቢጠብቁ ተመልሶ አልተነሳም። "ስለዚህ ውሃ ይዘን መጣን" አለኝ፣ ምንም እንዳልሆነ ነገር።

እስቲ ቁጠሩልኝ። እኔ ጮኼ የጸለይኩት ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። መልሱ ጉዞ የጀመረው ግን አንድ ሰዓት ላይ፣ ሞተራችን ደህና ሆኖ፣ እኛም እየሳቅን ሳለን ነው። በኢሳይያስ "ሳይጠሩ እመልስላቸዋለሁ" የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ። ያን ቀን ግን ሲፈጸም በዓይኔ አየሁት።

አንድ ወዳጃችን ይህን ሰምቶ "እሱማ ባህላቸው ነው፤ ለማንም ያደርጉታል" አለኝ። አዎ፣ ባህላቸው ነው። ለዚህም እነሱን አመሰግናለሁ፣ አከብራቸዋለሁ። ግን ያንን ባህል በዚያ ምድር ላይ ለዘመናት ያቆየውንም አመሰግናለሁ። መልአክ ቢልክ ኖሮ የበለጠ ተአምር የሚሆን አይመስለኝም።

ባለቤቴ ቀና ብሎ መቀመጥ ሲችል ሰውየው ፊት ለፊታችን ቁጭ አለና ዳጉ ጠየቀን። ገንዘብ አልጠየቀም፤ በኋላም ስንሰጠው እጁን ወደ ኋላ አደረገ። ቡናውን ብቻ ተቀበለን። መጀመሪያ የጠየቀው ዝናብ የት እንደጣለ ነው። ባለቤቴ "ጅማ ሰሞኑን በየቀኑ ይጥላል" አለው። ወጣቱ ሲተረጉምለት ሰውየው "ማሻአላህ" ብሎ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ለወጣቱ የሆነ ነገር ነገረው። ወጣቱም "ለእኛም ለምኑልን ይላል" አለን።

ከሰዓት በኋላ ሰፈራቸው ወስደው የግመል ወተት አጠጡን። ማታ የጨው መኪና ተገኝቶ ሞተሩን ጭኖ አፍዴራ አደረሰን። ወንድምየው መንገድ ዳር ቆሞ እየጠበቀን ነበር። እሱም ወሬው ደርሶታል።

ባለቤቴ ዛሬ ፍጹም ጤነኛ ነው፤ ሰቃና ማናም እንደ ወትሮው ይመላለሳል። እኛ የረቡዕ የቤት ለቤት ጸሎታችን ላይ ያ ሰው የሰጠንን የጸሎት ርዕስ ይዘነዋል። እናንተም ስትጸልዩ፣ በሰርዶና በአፍዴራ መካከል ግመል ለሚጠብቁት ዝናብ ለምኑላቸው።