የ1972ቷን ሆንዳ መብራት እንዴት እንዳስተካከልኩ

ሲቢ 350 የምትባለውን የሆንዳ ሞተር ሳይክል የገዛኋት እዚህ ሜሪላንድ ነው፣ በፈረንጆቹ 1972 የተሠራች፣ ሞተሯ ጤነኛ ነበር ግን ማታ ትራፊክ መብራት ላይ ስቆም የፊት መብራቷ ሻማ ያህል ይሆናል፣ ፍሬቻ ሳበራ ደግሞ ጭራሽ ሊጠፋ ይደርሳል። ባትሪው ሞተ፣ አዲስ ገዛሁ እሱም ሞተ፣ ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠውን ቦቢና ቀየርኩ ካንዴላ ቀየርኩ ምንም ለውጥ የለም።

ሰፈራችን ውስጥ ድሮ አዲስ አበባ ጋራዥ ይሠሩ የነበሩ ሰው አሉ፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ለምኜ አመጣኋቸው። ገና ምንም ሳይነኩ "ቴስተር አለህ?" አሉኝ። አለኝ ጋሼ አልኳቸው። "በል መግዛቱን ተወውና ለካ።"

ለካን። ባትሪው ላይ 12.6 ቮልት አለ፣ ቁልፉን ከፍተን ቦቢናው ጋ የሚደርሰውን ጥቁር ሽቦ ስንለካ 10.3። ከ2 ቮልት በላይ መንገድ ላይ ቀረ ማለት እኮ ነው! ለካ እኔ ጤነኛ ዕቃ ነው ስቀይር የከረምኩት።

የፊት መብራቱን ፈታሁት፣ ሽቦው ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው የሚገናኘው። ጥይት የሚመስሉት ማገናኛዎች አረንጓዴ ዝገት በልቷቸዋል፣ አንዱን ስነቅለው ዱቄት ሆኖ እጄ ላይ ቀረ። አንድ በአንድ አቼቶ ውስጥ ዘፈዘፍኳቸው፣ ከዛ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ አጥቤ በነሐስ ብሩሽ ፈትጌ አደረቅኳቸው፣ ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ማሳውም፣ ማለትም ከረንቱ በፍሬሙ በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ፣ ችግር ነበረበት፣ ፍሬሙን የሆነ ሰው ቀለም ሲቀባው ብሎኑ የሚያርፍበትን ቦታም አብሮ ቀብቶታል፣ ብረቱ እስኪታይ ፋቅኩት። ፊውዙም በፎይል ተጠቅልሎ ነው ያገኘሁት፣ ይሄ ሽቦ የሚያቃጥል ነገር ነው፣ 15 አምፔር የሆነ አዲስ ፊውዝ ከነቤቱ አስገባሁ። ድጋሚ ስለካ ቦቢናው ጋ 12.1 ደረሰ፣ ያኔ አንድም አዲስ የኤሌትሪክ ክፍል አልገጠምኩም ከፊውዙ በስተቀር።

የሆንዳ ቀለም አንዴ ከገባህ ቀላል ነው፣ አረንጓዴ ማሳ፣ ቀይ ከባትሪ፣ ጥቁር ቁልፍ ሲከፈት፣ ቡናማ የኋላ መብራት። እኔ በወረቀት ላይ በእጄ ስዬው ነው የገባኝ፣ ከኢንተርኔት ያወረድኩትን ሳይ ግን ዝም ብሎ መስመር ነበር የሚታየኝ።

ቻርጁ ግን አሁንም ደካማ ነበር፣ በ4000 ዙር 12.9 ብቻ። ከዲናሞው የሚመጣውን ከረንት ለባትሪው እንዲሆን ወደ ቀጥተኛ (ዲሲ) የሚቀይረው ሬክቲፋየር የድሮው ሴሌኒየም ነው፣ እሱ ደግሞ በዕድሜ ይደክማል። እሱንም ቮልቱን የሚቆጣጠረውን ሬጉሌተርም አንስቼ ሁለቱንም ሥራ የሚሠራ አንድ ዘመናዊ ዕቃ ገጠምኩ። በዚች ሞተር ከዲናሞው ሦስት ሽቦ ይወጣል፣ አንዱ ግን ሥራ የሚገባው የፊት መብራት ሲበራ ብቻ ነው፣ ድሮ ባትሪው ከልክ በላይ ቻርጅ እንዳይሆን ነው እንዲህ ያደረጉት፣ አሁን የሚቆጣጠር ሬጉሌተር ስላለ ሁሌም እንዲሠራ አገናኘሁት። ወደ 14.2 ወጣ፣ ከደስታዬ የተነሳ ለጋሼ ፎቶ አንስቼ ላክሁላቸው።

ያደከመኝ ፍሬቻው ነው። አምፖሎቹን ኤልኢዲ ሳደርጋቸው መጀመሪያ ጭራሽ ብልጭ አላሉም፣ ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው የድሮው ፍላሸር ብዙ ከረንት ካልሄደበት አይሠራም፣ ኤሌክትሮኒክ በሆነው ቀየርኩት። አሁን ደግሞ ግራ ስነካ አራቱም ይበራሉ! ምክንያቱን ለማግኘት ሦስት ማታ ፈጀብኝ። ከፍጥነት መለኪያው አጠገብ ያለችው የፍሬቻ ምልክት አንድ አምፖል ብቻ ናት፣ አንዱ ጫፏ የግራው ብርቱካናማ ሽቦ ላይ፣ ሌላው የቀኙ ፈዛዛ ሰማያዊ ላይ፣ የራሷ ማሳ የላትም። ግራ ሲበራ ማሳ የምታገኘው በቀኝ አምፖሎች በኩል ነው፣ በእሷ የሚያልፈው ትንሽ ከረንት የድሮውን አምፖል አያበራውም፣ ኤልኢዲን ግን ያበራዋል። ከሁለቱም ሽቦ ከረንት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ አንዳንድ ዳዮድ አድርጌ ወደ አምፖሏ አስገባሁ፣ ሌላኛውን ጫፏን ከአረንጓዴው ጋር አሰርኩት፣ አለቀ።

ፑንቲናውን፣ ማለትም ካንዴላው እሳት እንዲሰጥ የቦቢናውን ከረንት የሚያቋርጠውን፣ አልነካሁትም፣ ብዙዎች ኤሌክትሮኒክ አድርገው ይሉኛል፣ ግን ክፍተቱ 0.35 ሚሊሜትር ላይ ሆኖ በትክክለኛው ቮልት ስትነሳ የመጀመሪያው ርግጫ ይበቃታል፣ ጋሼም "የሚሠራውን ነገር አትፍታው" ብለውኛል።