«እየቆረጠ አስቸገረን» የተባለው ባትሪ

ሱሉልታ ዳር ያለ አንድ ቤት በሐምሌ የተገጠመለት የሶላር ባትሪ ክረምቱን ሙሉ ያለ እንከን ሠራ። ጥቅምት ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ ግን በየቀኑ ስድስት ሰዓት አካባቢ ቤቱ ድርግም ይል ጀመር። ፀሐይ አናት ላይ ሆና፣ ፓኔሉ ሙሉ ጉልበቱን እየሰጠ መብራት ይጠፋል።

ባትሪው ከኒሳን ሊፍ የኤሌክትሪክ መኪና የወጣ 14 ሞጁል፣ ማለትም ሴሎች የታሸጉበት ሣጥን ነው። ሁለት ሁለቱ በፓራለል (ጎን ለጎን፣ አቅም እንዲደመር) ተጣምረው ሰባቱ ጥንድ በሲሪየስ (ተከታትሎ፣ ቮልት እንዲደመር) ተያይዟል። እያንዳንዱ ሞጁል ውስጥ በሲሪየስ ያሉ ሁለት የሴል ደረጃዎች ስላሉ በድምሩ 14 ደረጃ ይሆናል። ያገለገለው ሞጁል 50 አምፔር ሰዓት ገደማ ቢቀረው ጥንዱ 100፣ ጠቅላላው 5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይይዛል። የባትሪውን ኤሌክትሪክ ወደ ቤት መብራት ለሚቀይረው የ3 ኪሎዋት ኢንቨርተር በቂ ነው።

የተጠራው ሠራተኛ ቴስተሩን ባትሪው ጫፍና ጫፍ ላይ አድርጎ 58 ቮልት አነበበ። የአንድ ሴል ጣሪያ 4.2፣ የ14ቱ 58.8 ስለሆነ «ገና አልሞላም፤ የተበላሸው ቢኤምኤሱ ነው» አለ። ቢኤምኤስ ማለት እያንዳንዱን ሴል እየተከታተለ ለአደጋ ሲጋለጥ ባትሪውን የሚቆርጥ መቆጣጠሪያ ነው። ኔጋቲቩን ኬብል ከቢኤምኤሱ ነቅሎ በቀጥታ ኢንቨርተሩ ላይ አሰረው። መብራቱ መጥፋቱን አቆመ፤ ቤተሰቡም አመስግኖ ሸኘው።

በሦስተኛው ሳምንት ባትሪውን መጀመሪያ የገጠሙት ልጆች ስልክ ተደወለላቸው። «ልጄ፣ ስቶሩ ውስጥ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የመሰለ ነገር ይሸታል።»

«እማማ፣ በሩን ከፍተው ይውጡ። ምንም ነገር አይንኩ፤ ልጆቹም እንዳይገቡ።»

ይህ መልስ ትክክል ነበር። ጣፋጭ፣ የቀለም ማቅጠኛ የሚመስል ሽታ ማለት የሴሉ ፈሳሽ መውጣት ጀምሯል ማለት ነው፤ ጋዙ ይቀጣጠላል፣ ለሳንባም መርዝ ነው። ገጣሚዎቹ ደርሰው መጀመሪያ የዘጉት የፓኔሉን ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ ምክንያቱም ባትሪውን አሁንም እየሞላ ያለው ፓኔሉ ነው። ቀጥሎ የቤቱን ጭነት፣ በመጨረሻ የባትሪውን ብሬከር ዘጉ። ክፍሉ እስኪናፈስና ሞጁሎቹ እስኪቀዘቅዙ ውጭ ቆዩ። ከዚያ ሴል በሴል ሲለኩ 13ቱ ደረጃዎች 4.15 ቮልት አካባቢ፣ አንዱ ብቻውን 4.45 ሆኖ ተገኘ። የሱ ሞጁል ሆዱ አብጦ ላሜራውን ገፍቶታል።

ሒሳቡን አብረን እንየው። 13 ጊዜ 4.15 ማለት 53.95 ነው። 4.45 ሲጨመርበት 58.4 ይመጣል። ቴስተሩ አልዋሸም፤ ድምሩ ግን የታመመውን ሴል ደበቀው። ቢኤምኤሱ በየቀኑ የሚቆርጠው ያ አንድ ሴል 4.2 ሲያልፍ ነበር። ሲቆርጥ ከፓኔል የሚመጣው ጉልበት ማረፊያ ያጣል፣ ኢንቨርተሩ ውስጥ ቮልቴጅ ይዘላል፣ ኢንቨርተሩም ራሱን ይዘጋል። ቤቱ የጨለመው ለዚህ ነው። ክረምቱን ችግሩ ያልታየው ደግሞ ባትሪው በደመናው ምክንያት አንድም ቀን ሞልቶ ስለማያውቅ ነው።

ታዲያ 58.4 ከየት መጣ? ኢንቨርተሩ «ሊቲየም» በሚለው ምርጫ ላይ ነበር። ብዙ ኢንቨርተሮች ሊቲየም ሲሉ 16 ሴል ያለውን የኤልኤፍፒ ባትሪ (ሴሉ 3.65 ቮልት ላይ የሚሞላ ሌላ ዓይነት ሊቲየም) ማለታቸው ነው፤ 16 ጊዜ 3.65 ደግሞ በትክክል 58.4 ይሆናል። የሊፍ ባትሪ ኤልኤፍፒ አይደለም። ያረጁ 14 ሴሎችን እዚያ ጫፍ ድረስ መጫን ደካማውን መግደል ነው። እዚህ ላይ ጥፋቱ የመጀመሪያዎቹ ገጣሚዎችም ጭምር መሆኑ መነገር አለበት። ምርጫው መሆን የነበረበት በእጅ የሚሞላው ነው፦ ሙሌት 56.7 ቮልት፣ ማለትም በሴል 4.05፤ ማቆያ 55.3፤ ዝቅተኛ መቁረጫ 47.6። «ኢኳላይዜሽን» የሚባለው ለአሲድ ባትሪ የተሠራ ስለሆነ ፈጽሞ ይዘጋ። ጥቂት አቅም ይቀራል፤ ዕድሜና ሰላም ይገኝበታል።

ሁለተኛው ጥፋት ሞጁሎቹ ሳይፈተኑ መገጣጠማቸው ነው። ሥራው አሰልቺ ነው፣ ግን መዝለል የለበትም። እያንዳንዱን ሞጁል በ8.1 ቮልት ሙሉ፤ በ10 አምፔር እስከ 6.4 ቮልት አውርዳችሁ ስንት አምፔር ሰዓት እንደሰጠ ጻፉበት። ከሌሎቹ ከ5 በመቶ በላይ የሚያንስ አይግባ። እንደገና ሞልታችሁ ሁለት ሳምንት አስቀምጡት፤ ከጓደኞቹ በላይ ቮልቴጁ የሚወርድ ሞጁል ውስጡ የሚያፈስ ነውና ይውጣ። የቀሩትን መሐከለኛውን ተርሚናል ጨምሮ በፓራለል አገናኝታችሁ አንድ ቀን አሳድሩ፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሲሪየስ የሚገቡት። የሊፍ ሞጁል ሲደረደር ግራና ቀኝ በወፍራም ላሜራና በረጅም ብሎን መጠበቅ አለበት፤ ልቅ ከሆነ ያብጣል።

ፊውዙም ተለወጠ። ለመኪና ድምፅ ማጉያ ተብሎ የሚሸጠው ፊውዝ አብዛኛው ለ32 ቮልት የተሠራ ነው፤ እዚህ ሲቃጠል ብልጭታው ላይቆም ይችላል። የቤት ቆጣሪ ብሬከርም ለዲሲ፣ ማለትም ለባትሪ ኤሌክትሪክ፣ አይሆንም። 3 ኪሎዋት በ47.6 ቮልት ከነብክነቱ 70 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ስለዚህ የባትሪን ከባድ ሾርት መቁረጥ የሚችል የ100 አምፔር «ክላስ ቲ» ፊውዝ ለፖዘቲቩ ተርሚናል ቅርብ ሆኖ፣ ከ25 ካሬ ሚሊሜትር ኬብል ጋር ገባ።

ስቶሩ በቺፑድ የተከፈለ፣ ከወጥ ቤቱ ጋር የሚዋሰን ነበር። ባትሪው ወደ ውጭ፣ በብሎኬት ወደተሠራና ከላይና ከታች መተንፈሻ ወዳለው ሳጥን ወጣ። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ሊቲየም ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲሞላ ውስጡ ብረት እየጋገረ ይበላሻል። ስለዚህ ቢኤምኤሱ ከ5 ዲግሪ በታች እንዳይሞላ ተደረገ። ኢንቨርተርም ሲገዛ ከ2,000 ሜትር በላይ ጉልበቱ ምን ያህል እንደሚቀንስ መመሪያው ላይ ይታይ።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የሚገለበጡና የሚጋጩ የኤሌክትሪክ መኪኖችም አሉ፤ ባትሪያቸውም ገበያ ይወጣል። የፎልክስዋገን አይዲ 4 ትልቁ ባትሪ 12 ሞጁል አለው፤ እያንዳንዱ 8 ሴል በሲሪየስ ነው። ሁለቱን አያይዞ «16 ሴል ሆነ፣ እንደ ኤልኤፍፒ ነው» የሚል አይጠፋም። ሲሞላ ግን 67.2 ቮልት ነው። ብዙዎቹ የ48 ቮልት ኢንቨርተሮች ከ60 በላይ አይችሉም፤ ገና ሲነካኩ ሊቃጠሉ ይችላሉ። ፓኩን፣ ማለትም የመኪናውን ሙሉ ባትሪ፣ መክፈትም የመንደር ሥራ አይደለም። የሊፍ ፓክ ሞልቶ 400 ቮልት ይደርሳል፤ የመሐሉ መሰኪያ ቢነቀል እንኳ በየግማሹ 200 ይቀራል። የ1,000 ቮልት የጎማ ጓንት የሌለው፣ ብቻውን የሚሠራ ሰው አይክፈተው።

ያበጠው ሞጁል ከቤቱ 10 ሜትር ርቆ ብሎኬት ላይ ተቀመጠ። ገጣሚዎቹ በረጅም ሽቦ የ12 ቮልት የመኪና አምፖል አስረውበት ቀስ እያለ እስኪወርድ አንድ ቀን ገደማ ጠበቁት። ጋዙ ይውጣ ብሎ መብሳት እሳት መጥራት ነው። በማግሥቱ ቆራሌው በበሩ ሲያልፍ አይቶት በኪሎ ሊወስደው ጠየቀ። አልተሰጠውም። እሱ ለአሉሚኒየሙ ሲል በመዶሻ ይከፍተዋል፤ ባዶ የሚመስል ሞጁል ውስጥ ደግሞ የቀረ ጉልበት አለ።