የሚነበብ መጽሐፍ

ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ወር ነው። ማዋሻው ጠረጴዛ ላይ ብቻዬን ነበርኩ። የንባብ ክፍሉ ለፈተና በሚዘጋጁ ተማሪዎች ጢም ብሏል። አንድ አዛውንት ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ እስቲ ጥሩ የሚነበብ መጽሐፍ ስጪኝ» አሉኝ።

«ርዕሱ ምንድን ነው አባቴ?»

«ርዕሱንማ ባውቅ መች አስቸግርሽ ነበር?»

ጥያቄው ደስ አለኝ። እኛ ጋ የሚመጣው ሰው አብዛኛው ተማሪ ነው። መታወቂያ አስይዞ የፊዚክስ ወይም የሒሳብ መጽሐፍ ይወስዳል። ብዙው ደግሞ የራሱን ደብተር ይዞ ነው የሚመጣው፤ የሚፈልገው ወንበርና ጸጥታ ነው። «ምረጪልኝ» ያለኝ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። ሮጬ ገባሁና ራሴ ከሁሉ አስበልጬ የምወደውን ልብ ወለድ አመጣሁላቸው። ወፍራም ነው። ዓረፍተ ነገሩ ይረዝማል፣ አንዳንዱ ግማሽ ገጽ ይይዛል። ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። «ይሄን ያንብቡ፣ በጣም ነው የሚወዱት» ብዬ መዝግቤ ሰጠኋቸው።

በሦስተኛው ቀን መለሱት።

«አልወደዱትም እንዴ?»

«መጽሐፉስ ጥሩ ሳይሆን አይቀርም። እኔን ትንፋሽ አጠረኝ እንጂ።»

የታመሙ መሰለኝ። «እግዜር ይማርዎት» ብዬ መታወቂያቸውን መለስኩላቸው። እሳቸው ግን ወደ በሩ አልሄዱም። የመጻሕፍቱ ዝርዝር በየካርዱ ተጽፎ ወደሚቀመጥበት ካርድ ካታሎግ ሄደው አንድ መሳቢያ ሳቡ። ካርዶቹን አንድ በአንድ እየገለጡ ብዙ ቆሙ። እኔ ወደ መዝገቤ አቀረቀርኩ። ይሄ ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል። በመካከላችን አሥር እርምጃ እንኳን አይሞላም ነበር።

ያዩዋቸው እትዬ ናቸው። ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ እዚያ ቤት ከሃያ ዓመት በላይ የሠሩ ባልደረባችን ነበሩ። ከሪፈረንስ ክፍል ወጥተው አጠገባቸው ቆሙ።

«ምን ፈልገው ነው ጋሼ?»

«ወጋየሁ ያነበበው ሌላ መጽሐፍ ካለ ብዬ ነው።»

የተሳበው መሳቢያ የ«ወ» ነበር። እዚያ ውስጥ የሚፈልጉትን ሊያገኙ አይችሉም። ካታሎግ የሚያውቀው የጻፈውን እንጂ ያነበበውን አይደለም። እትዬ ግን ወዲያው ገባቸው። «ወጋየሁ ንጋቱ ነዋ! በሬዲዮ!» አሉ። የሰውየው ፊት በራ።

ወጣት አንባቢ ካለ ይህን ልንገረው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ብዙ ሰው ግን መጽሐፉን በእጁ ከመያዙ በፊት በጆሮው ነው ያወቀው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተረከው። ድምፁን የሰማ ሰው ዛሬም ገጸ ባሕርያቱን በእሱ አንደበት ነው የሚያስታውሳቸው። ለእኚህ አባትም መጽሐፉ የወጋየሁ ነው።

እኔም ቀረብኩ። እትዬ ወደ መደርደሪያው ይሄዳሉ ብዬ ስጠብቅ ጥያቄያቸውን ቀጠሉ።

«የሚያነቡት ለራስዎ ነው?»

ለራሳቸው አልነበረም። ባለቤታቸውን የስኳር በሽታ ዓይናቸውን ወስዶባቸዋል። ማታ ማታ፣ ከእራት በኋላ፣ እሳቸው ጮክ ብለው ያነቡላቸዋል። ያን ቀን «የሚነበብ መጽሐፍ» ያሉኝ ለሰው የሚነበብ ማለታቸው ነበር። እኔ የሰማሁት ግን «የማይሰለች» ብለው እንደሆነ ነው። ትንፋሽ ያጠራቸውም ታመው አይደለም። ግማሽ ገጽ የሚረዝም ዓረፍተ ነገር ጮክ ብሎ ለሚያነብ የሰባ ዓመት ሰው የትም ማረፊያ የለውም። እኔ በዓይኔ የወደድኩትን መጽሐፍ ለድምፃቸው ሰጠኋቸው።

ስህተቴን ቶሎ ለማረም ቸኮልኩ። «ታዲያ ‹ፍቅር እስከ መቃብር›ን ራሱን ላምጣልዎት?» አልኩ።

«አይ ልጄ፣ እሱን አልደፍረውም። እሷ የወጋየሁን ድምፅ ይዛ እኔ ላንብብላት?»

ከዚያ እትዬ እስካሁን የማልረሳውን ጥያቄ ጠየቁ። «ሬዲዮው ሲተረክ፣ ባለቤትዎ ‹ዝም በሉ!› የሚሉት የቱ ጋ ሲደርስ ነበር?»

ሰውየው አሰብ አደረጉ። «ፍቅሩ ላይ አይደለም» አሉ። «ሰው ከቤቱ ወጥቶ መንገድ ሲጀምር ነው። አባቷ ለጣሊያን ጦርነት ዘምተው ስንት ዓመት ጠፍተው ነው የተመለሱት። መንገድ የወጣ ሰው ነገር ሆዷን ይበላታል።»

እትዬ ሄዱ። የሄዱት ግን ወደ ልብ ወለዱ ክፍል አይደለም፤ ወደ ታሪኩ ክፍል ነው። ይዘው የመጡት «ትዝታ»ን ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ በጣሊያን ጊዜ ያዩትን ጦርነትና ምርኮ ራሳቸው የጻፉበት መጽሐፍ ነው። ተማርከው ወደ ጣሊያን ተወስደው በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ታስረዋል። ባለቤትየው የሚወዱት ብዕር፣ የአባታቸው ዘመን፣ ከቤቱ የራቀ ሰው ታሪክ፣ ሁሉም እዚያ አለ። በእኛ አደራደር ግን ሁለቱ መጻሕፍት በተለያየ ክፍል ናቸው። መጻሕፍትን በየዘርፋቸው ቁጥር እየሰጠ በሚለየው በዲዊ አከፋፈል ሥነ ጽሑፍ 800ዎቹ ውስጥ ነው፣ የኢትዮጵያ ታሪክ ደግሞ 963 ላይ ነው። ልብ ወለድ መደርደሪያ ሥር ዕድሜውን የጨረሰ አንባቢ «ትዝታ»ን ላያየው ይችላል።

እትዬ መጽሐፉን ከፈቱና አንዱን ገጽ አሳዩዋቸው። «እስቲ ይቺን ጮክ ብለው ያንብቡልኝ።»

«እዚህ?»

«እዚሁ።»

ከራሳችን በላይ «ጸጥታ ይከበር» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሰውየው መነጽራቸውን አስተካክለው ጀመሩ። ተማሪዎቹ ቀና ቀና አሉ። ድምፃቸው መጀመሪያ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ በኋላ ወፈረ። ሁለት ቦታ ላይ አረፍ አሉ። ገጹን ጨርሰው መጽሐፉን ዘጉና «ይሄስ ይሆነኛል» አሉ። ለ15 ቀን መዘገብኩላቸው።

ኮሌጅ ሳለን የሕንዳዊውን የቤተ መጻሕፍት ሊቅ የራንጋናታንን አምስት ሕጎች በቃላችን ይዘን ነበር። በ1931 እ.ኤ.አ. ያሳተሟቸው ናቸው። ሁለተኛው ለእያንዳንዱ አንባቢ የራሱ መጽሐፍ ይላል። ፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ለእኚህ አባት ግን የሰጠኋቸው የራሴን መጽሐፍ ነው።

ሰው እኛን መጽሐፍ ምረጡልኝ ማለት ያልለመደበት ምክንያት ያለ ይመስለኛል። በእኛ ቤት መጽሐፍ ንብረት ነው። ፈርመን እንረከባለን፣ ቆጥረን እናስረክባለን፣ ከጠፋ እንጠየቃለን። ስለዚህ ሳናስበው ፊታችን የዘበኛ ፊት ይሆናል። አንባቢውም መታወቂያውን ሰጥቶ ቶሎ ዞር ማለት ይመርጣል። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። ርዕስ ሳትይዙ ኑ። መጠየቅ አለማወቅ አይደለም፣ እኛም የተቀጠርነው ለዚሁ ነው።

ስትመጡ ደግሞ «ጥሩ መጽሐፍ» ብቻ አትበሉን። ጥሩው ብዙ ነው። መጨረሻ የወደዳችሁትን ንገሩን። ጀምራችሁ የተዋችሁትንም አትደብቁን፤ እኔ እንዲያውም ከተወደደው ይልቅ ከተተወው ነው ብዙ የምረዳው። የት እንደምታነቡ ንገሩን። ታክሲ ውስጥ ለሚያነብና ልጆቹን አስተኝቶ ለሚያነብ ሰው አንድ መጽሐፍ አልሰጥም። ለሌላ ሰው ከሆነም ስለዚያ ሰው አጫውቱን። ያመጣንላችሁ ካልጣማችሁ ይሉኝታ ሳይዛችሁ በማግስቱ መልሱት። እሳቸው «ትንፋሽ አጠረኝ» ብለው ባይመልሱት ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር።

አባት በአሥራ አራተኛው ቀን መጡ። «ትዝታ» አላለቀም፣ ውሰቱን አራዘምንላቸው። ቀጥሎም አራዘምንላቸው። እትዬ በዚያው ዓመት ጡረታ ወጡ።

አንድ ቀን ነሐሴ ላይ አባት፣ ጃንጥላቸው እያንጠባጠበ፣ ጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ። መጽሐፉን አስቀመጡ።

«ጨረስነው። አሁን ደግሞ ምን አለች መሰለሽ? ‹ዝናብ ያለበት ይሁን› አለች።»

ካርድ ካታሎጉን ዞር ብዬ እንኳን አላየሁትም። ከወንበሬ ተነሥቼ ወደ መደርደሪያዎቹ ይዣቸው ገባሁ።

«ምን ዓይነት ዝናብ ነው የሚወዱት አባቴ? ካፊያ ነው ዶፍ?»