አንድ እጅ ኪስ ውስጥ

ዛሬ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ጋ ሄጄ ልገዛ ያሰብኩትን ለማሳየት ስልኬን አቀበልኳቸው። በእጄ የምገጣጥመው ፑሽ ፑል ቲዩብ አምፕሊፋየር (በድሮዎቹ የመስታወት ቲዩቦች ድምፅ የሚያጎላ መሣሪያ) ልገዛ ነው፤ አንዱ ኪት (ያልተገጣጠመ ዕቃ) ኢኤል84 በሚባለው ትንሽ ቲዩብ፣ ሌላው በትልቁ ኢኤል34 የሚሠራ፣ መቁረጥ አቅቶኝ ነበር።

ጋሼ ቲዩቡን አላዩም። «ትራንስፎርመሩስ?» አሉ። አቦ፣ እኔ እኮ የማስበው ስለ ዋት ብቻ ነበር! ሁለቱ ቲዩቦች ሞገዱን ተካፍለው አንዱ ሲገፋ አንዱ ይስባል፣ መልሶ አጋጥሞ ለስፒከሩ የሚሰጠው ግን የአውትፑት ትራንስፎርመሩ ነው፤ እሱ ደካማ ከሆነ ባሱ፣ ወፍራሙ ድምፅ፣ ይልፈሰፈሳል አሉኝ። ደግሞ ትልቁ ኪት ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። የእኛ 220። ሳላየው ልከፍል ነበር።

ከዛ የተከፈተ አሮጌ ሬዲዮ ሊያሳዩኝ ጎንበስ ሲሉ ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ለምን ስላቸው፣ «ውስጡ 300 ቮልት ሊኖር ይችላል ልጄ። ከሶኬት ብትነቅለውም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ካፓሲተር ይዞ ይቆያል። በሁለት እጅ ከነካኸው በልብህ ያልፋል» አሉኝ። ሬዲዮው ከተነቀለ ስንት ጊዜው! እጃቸው ግን ራሱ ሄዶ ኪስ ገባ።

ስንቱ ዕውቀት እንዲህ እጅ ላይ ብቻ ቀርቶ በየጠባቡ ሱቅ ተቀምጧል እያልኩ ነው ቤት የገባሁት።

ትንሹን፣ ባለ 220ውን መርጫለሁ። ሲመጣ ካርቶኑን የምከፍተው እሳቸው ጋ ነው።